የጋሽ ስምንት ጓጉንቸር

የሟቹ ስልክ ጮኸ።

ሳሎኑ ውስጥ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ላይ ሃያ የሚሆኑ ለቀስተኞች ሻይ እየጠጡ ነበር። ሁሉም ባንዴ ወደ ስልኩ ዞሩ። ስልኩ ያለው ልብስ ሰፊዋ ጭን ላይ ነው፤ ባሏ ቅዳሜ ካረፈ ወዲህ ከአጠገቧ አልለየችውም።

«ለሞተ ሰው የሚደውል ደግሞ ማን ነው?» አለች ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አየችው። «የደህንነት ኃላፊ» ይላል። ከፋብሪካው መሆኑ ነው። መርዶው ያልደረሰው ሰው ቢሆን ነው ብላ አነሳችው።

«ሃሎ?»

«ሃሎ» አለ አንድ ድምፅ በስልኩ ውስጥ። ያው ድምፅ ከበሩ አጠገብም «ሃሎ» አለ።

ቀና አለች። መጨረሻው ወንበር ላይ አንድ ቀጭን ባለመነጽር ሰው፣ ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ሸፍኖ፣ ጉልበቱ ላይ ተደፍቷል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«አንተ! እዚሁ ተቀምጠህ ነው የምትደውለው?»

«ይቅርታ እትዬ፤ አይነሳም ብዬ ነው።»

«ለማን ነው የምትደውለው?»

«ለጋሼ።»

«ጋሼህን ከትናንት ወዲያ አብረን ቀበርነው አይደለም እንዴ?»

«አዎ እትዬ፣ ሳጥኑንም ተሸክሜያለሁ። ግን ቅጹ አለ።» ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «‹የጓጉንቸሩ ባለቤት ሦስት ጊዜ ተደውሎለት አልተገኘም› የሚል ቦታ አለው። ሁለቱን ጠዋት ደወልኩ፣ አልተነሳም። ይሄ ሦስተኛው ነበር። አሁን ግን ስላነሱት... እንደገና ከአንድ መጀመር ሊኖርብኝ ነው።»

የመጀመሪያው ሳቅ ያመለጠው ከልጇ ነው። ብርጭቆ የሞላበት ትሪ ይዛ ነበርና ብርጭቆዎቹም አብረዋት ተንቀጫቀጩ። ለቅሶ ቤት ሳቅ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱን ከያዘ ሌላውን አይምርም። ዳቦ ጋጋሪዋ በሻሿ አፏን አፈነች፣ የፋብሪካው ሰዎች ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ፣ በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ሦስት ቀን ሙሉ ያልሳቀችውን ሳቅ ጎኗን ይዛ ሳቀችው።

«እሱ ቢሆን ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «‹ቅጽ ቅጽ ነው፤ ከአንድ ጀምር› ነው የሚልህ።»

«ይህንኑ ፈርቼ እኮ ነው እትዬ» አለ ኃላፊው። «ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን ጠግኗል። እዚያ ማንም ሰው ማሽን ውስጥ እጁን ከማስገባቱ በፊት ዋናውን ማብሪያ ያጠፋል፣ የራሱን ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል፣ ቁልፉንም ከራሱ ጋር ይይዛል። ከጓጉንቸሩ ጋር ፎቶግራፉ ያለበት ቀይ ካርድ ይሰቅላል፤ ካርዱ «አትንኩ። እየሠራሁ ነው።» ይላል። ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ጓጉንቸር ነው። ሁሉም የየራሱን ይከፍታል እንጂ የሌላውን አይነካም፤ ሥራ አስኪያጅ ቢመጣ፣ የሥራ አስኪያጅ አባት ቢመጣ።

ባሏ አርብ ዕለት ትልቁን ሊጥ ማቡኪያ ፈታታው፤ ኩሽኔታው ተበልቷል። አዲሱ የሚመጣው ሰኞ ስለሆነ ማሽኑን እንደቆለፈው ወደ ቤቱ ሄደ። ቅዳሜ ምሳውን በላና፣ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። እንዳረፈ ቀረ። ሰኞ ኩሽኔታው መጣ፣ ባልደረቦቹ እያለቀሱ ገጠሙት፣ የየራሳቸውን ጓጉንቸር ፈቱ። የእሱ ብቻውን ቀረ። ካርዱም ከነፎቶው «እየሠራሁ ነው» እንዳለ ቀረ።

«ቁልፉን አይተውት ይሆን እትዬ?» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባንገታቸው ነበር የሚይዙት።»

«አላየሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ውሸቷን ነው። ቁልፉ በጥቁር ክር ታስሮ በራሷ ደረት ላይ፣ ከቀሚሷ ስር ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ሲወጣ ከአንገቱ አውልቃ በራሷ አንገት ያጠለቀችው እሷው ናት። ለምን እንዳደረገችው አታውቅም ነበር። አሁን ግን ታውቃለች። ያ ጓጉንቸር እስካልተከፈተ ድረስ፣ በዚህ ዓለም ላይ ባሏ ጀምሮ ያልጨረሰው አንድ ሥራ አለ። ሥራ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ይመለሳል። ሞኝነት መሆኑን ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ቁልፉን አልሰጥም ብላለች።

ሳቅ አንዴ በሩን ከከፈተ በኋላ ጨዋታው ሁሉ ስለ ሟቹ ሆነ።

«የእኔን የሰርግ ቀሚስ ጉድ የማያውቅ አለ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ወንበሯን ወደ መሃል እየሳበች።

«ሁላችንም እናውቃለን» አለች ልጅቷ።

«ለፋብሪካው ሰዎች ነው የምናገረው! በሰርጌ ዋዜማ ቀሚሴን ልወስድ መጣሁ። እሷ ታች ጫፉን ልትሰፋልኝ ብትል፣ የስፌት መኪናዋ የኤሌክትሪክ ገመድ ጫፉ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ተከቶ ተቆልፏል። ካርድ ተንጠልጥሎበታል። ካርዱ ላይ ደግሞ የሰውዬው ፎቶ፣ እንዲህ አፍጥጦ!» ዳቦ ጋጋሪዋ ዓይኗን አፈጠጠች። «ለካ መኪናዋን ዘይት ሊቀባ ብሎ ነው። ዘይቱ ሲያልቅበት ሊገዛ ይወጣል፣ መንገድ ላይ የድሮ ወዳጁን ያገኛል፣ ወሬ ይይዛል። ቁልፉ ባንገቱ!»

«በእጄ ሰፋሁላት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንቺ በርጩማ ላይ ቆመሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ከሥርሽ ተንበርክኬ ስረግመው።»

«ሊመሽ ሲል መጣ። ዘይቱን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ። ‹ለምን ሰብረሽ አልከፈትሽውም?› ይላታል።»

«እኔስ ምን አልኩት?»

«‹ብሰብረው ትፈታኛለህ!›»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ ነገር ግን ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። እውነትም በዚያን ቀን ሳጥኑን በመዶሻ ልትለው እጇን አንስታ ነበር። ያልመታችው ፈርታው አልነበረም። ጓጉንቸር ሲሰበር በእሱ ላይ ምን እንደደረሰ ስለምታውቅ ነው።

አደጋው ሲደርስበት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ፋብሪካ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ብስኩት መቁረጫው ውስጥ ግራ እጁን አስገብቶ ብሎን ይፈታል። አንዱን ብሎን እንዳይጠፋበት በጥርሱ ይዞታል። ፎርማኑ ቸኩሎ መጣ። ማብሪያው ላይ ጓጉንቸር አየ፣ የሄደ ሰው የረሳው መሰለው፣ በትልቁ የብረት መቀስ ቆረጠው። «ሰው አለ?» ብሎ መጣራቱንስ ተጣርቷል። ግን መልስ አልጠበቀም። ብሎን በጥርሱ የያዘ ሰው ተፍቶ «አለሁ» እስኪል ድረስ ማሽኑ ሁለት ጣቱን ወስዶ ነበር፤ የመሃሉንና የቀለበቱን።

ከዚያ በኋላ ነው ያ ልማዱ የጀመረው። ማንኛውንም ጓጉንቸር ከመክፈቱ በፊት ወደ ማሽኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ «ሰው አለ?» ይላል፣ እስከ አሥርም ይቆጥራል። «ብሎን ለመትፋት የሚበቃ ጊዜ ነው» ይል ነበር። ሲቆጥር ጣቱን እያጠፈ ነው። ስምንት ላይ ጣት ያልቅበታል። ያኔ አጠገቡ ወደቆመው ሰው ዞሮ ሁለት ጣት ይዋሳል፤ በሰው ጣት ዘጠኝ፣ አሥር ብሎ ይጨርሳል። ፋብሪካው ውስጥ ለእሱ ጣት ያላዋሰ ሰው የለም። ጋሽ ስምንት ያሉትም በዚህ ነው። ስሙን ወደደው እንጂ አልተቀየመም።

ለልብስ ሰፊዋ ግን ጣት የተዋሳት ያ ስም ሳይወጣለት ነው። የሥራ ጓንት ይዞ ሱቋ መጣ፤ «እነዚህን ሁለት ጣቶች ዝጊልኝ፤ ባዶ ጣት ማሽን ውስጥ ይገባል» አላት። ዘጋችለት። አልሄድ አለ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ አላማረኝም ብሎ ያለ ልመና ፈታታው፣ አጸዳው፣ ገጣጠመው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ መኪናዋ ሆድ «ሰው አለ?» አለ።

«ከስፌት መኪና ውስጥ ማን ሊኖር ነው?» አለች እየሳቀች።

እሱ ቆጥሮ ስምንት ደርሷል። ቀና ብሎ አያት። «ይቅርታ እህቴ፤ ሁለት ጣት ታውሺኛለሽ?»

አዋሰችው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሳይመልስላት ኖረ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለቅሶ ቤቱ መጣ። ወፍራም፣ ጨዋ፣ ነገር መጀመር የሚቸግረው ሰው ነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ፤ ስለ አየሩ አወራ። ከዚያ ኃላፊውን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ግቢው አስወጣው። ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ገብታ በመስኮቱ ጆሮዋን ጣለች።

«ሠላሳ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል» ይላል ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ። «ዱቄቱ ተከምሯል። እስከ መቼ ነው?»

«ቅጹን እየሞላሁ ነው ጌታዬ። ስልኩ ተነሳብኝ።»

«እኔም እኮ ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ሰውዬው እንደ አባቴ ናቸው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይቆረጥ። መቀሱን አዘጋጅ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን?»

 ልብስ ሰፊዋ በመጋረጃው ጥግ ኃላፊውን አየችው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ነበር፤ የሚወለውል አስመስሎ ዓይኑን ሲጠርግ አየችው።

ዞር ስትል ልጇ ከኋላዋ ቆማለች። እጇን ዘርግታ ከእናቷ ቀሚስ አንገት ላይ ያመለጠውን ጥቁር ክር ነካችው።

«ምንድን ነው ይሄ እማዬ?»

«ክር ነው። ልብስ ሰፊ አይደለሁ?»

«እማዬ።»

ልብስ ሰፊዋ የዱቄት ጣሳው ላይ ቁጭ አለች።

«አልሰጣቸውም» አለች። «ካርዱ ላይ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፤ እየሠራሁ ነው ይላል። እዚህ የመጣው ሰው ሁሉ ነበር፣ ነበር ይለኛል። ደግ ነበር፣ ተጫዋች ነበር። ‹ነው› የሚል ያ ካርድ ብቻ ቀረ። እኔ ምን ቆርጦኝ ነው ሄጄ ጨርሷል የምለው?»

 ልጅቷም ሆድ ብሷታል። ከዚያ ከእናቷ ፊት ቁጢጥ ብላ ጉልበቷን ያዘችላት።

«ስሚኝ። አንቺ ካልከፈትሽው ይቆርጡታል።»

«ሰምቻለሁ።»

«የአባዬን ጓጉንቸር። በመቀስ። ሁለተኛ ጊዜ።»

ልብስ ሰፊዋ የልጇን ፊት አየችው። አፍንጫው የእሱ ነው፤ ግትርነቱም የእሱ ነው። ባሏ ከእንቅልፉ በላብ ተጠምቆ እየባነነ፣ ያንን የመቀስ ድምፅ «ቀጭ» ነው ያለው እያለ የሚያወራላትን ሌሊቶች አስታወሰች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ፋብሪካ አንድም ጓጉንቸር እንዳይቆረጥ ዘብ የቆመ ሰው ነው። አሁን እሷ ስለሳሳች፣ የራሱን ሊቆርጡበት ነው።

«ቀጭ» አለች ለራሷ።

ከዚያ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ የጓዳውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሁለቱ ወንዶች ደንግጠው ዘለሉ።

«ነገ ማንም መቀስ እንዳያነሳ» አለቻቸው። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ራሴ መጥቼ እከፍተዋለሁ።»

 የኃላፊው ፊት በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ።

«እትዬ... ደንቡ ላይ ከባለቤቱ በስተቀር...»

«እኔ የባለቤቱ ምንድን ነኝ?»

ኃላፊው አሰበ። ወረቀቱን ዘረጋ፣ ላይ ታች አየው። «ባለቤት ነዎት» አለ በመጨረሻ። «ቅጹ ይቀበለዋል። ብቻ የደህንነት ጫማ ማድረግ ግዴታ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ቀሚሷን፣ ጥቁር ሻሿንና ከእግሯ በሦስት ቁጥር የሚበልጥ ባለብረት ጫማ አድርጋ ፋብሪካ ገባች። ልጇ እጇን ይዛታለች። ጫማው በእርምጃዋ ሁሉ ዷ ዷ ይላል።

«ዳክዬ መሰልሽ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«አባትሽ ቢያየኝ በሳቅ ይሞት ነበር» አለች። ከዚያ የተናገረችውን ሰማችና ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቃቸውን አፈኑ።

ሠራተኞቹ ነጭ ቆባቸውን አድርገው በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል። አዳራሹ ዱቄትና ስኳር ይሸታል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንገቱ ስር ስታሸተው የኖረችው ሽታ ነው። በየቦታው በእሱ እጅ የተጻፈ ነገር አለ። ማሽኑ ላይ «እጅህን አስብ» ይላል፤ በሩ ላይ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል፤ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ «የወሰድከውን መልስ፤ አይቼሃለሁ»። ይሄኛውን ስታነብ ፈገግ አለች። እቤትም ስኳር ጣሳው ላይ ይሄንኑ ጽፎባታል።

ሊጥ ማቡኪያው ከአንድ ክፍል አይተናነስም። ከጎኑ ማብሪያው ላይ፣ ስድስት ቀዳዳ ባለው ብረት ላይ፣ ቀይ ጓጉንቸር ብቻውን ተንጠልጥሏል። ከስሩ ካርዱ አለ። ባሏ አፍጥጦ ያያታል። ለዚያ ፎቶ «ፈገግ በል» ብላ ስንት ለምናው ነበር፤ «እየሠራሁ ነው የሚል ሰው ምን ያስቀዋል?» ብሎ እምቢ አላት።

ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች። ከደረቷ ሙቀት የተነሳ ሞቆ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ንግግር ሊያደርግ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን እሱን አልጠበቀችም። ወደ ማቡኪያው አፍ ሄደች፣ ዷ ዷ እያለች፤ ጎንበስ አለችና ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ አስገባች። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ጨለማና ሰፊ ነው።

«ሰው አለ?» አለች።

ድምፅዋ ብረቱን ዞሮ ተመለሰላት።  ቀና አለችና እጇን ከፊቷ ዘርግታ መቁጠር ጀመረች፤ እሱ እንደሚቆጥረው፣ ከግራ አውራ ጣቷ ጀምራ፣ አንዱን ጣት ካጠፈች በኋላ ሌላውን እያስከተለች። አልቸኮለችም። አፉ ውስጥ ብሎን እንኳ ቢይዝ ተፍቶ ለመመለስ የሚበቃውን ጊዜ ሰጠችው።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።» ሳታስበው የግራ እጇን ሁለት ጣቶች ዘለለቻቸው፤ የመሃሉንና የቀለበቱን። ወደ ቀኝ እጇ አለፈች። «አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት። ስምንት።»

ሁለት ጣቶቿ ቆመው ቀሩ። እነዚህ የእሱ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ እሱ ነው የሚያጥፋቸው። ልታጥፋቸው ፈለገች፣ እምቢ አሏት። እንባዋ መጣ፤ ከዚህ በላይ መቁጠር እንደማትችልም አወቀች። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ሁሉም እያዩአት ነው።

ከጎኗ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ኃላፊው ቅጹን በብብቱ ይዞ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። አላያትም፤ ወደ ማሽኑ ነው የሚያየው። በየቀኑ ለጋሼ ያደርግ እንደነበረው ሁለት ጣቱን ወደ እሷ ዘረጋላት።

ልብስ ሰፊዋ ጣቶቹን አየቻቸው። አንዱን ያዘችና አጠፈችው።

«ዘጠኝ» አለች።

ሌላውንም አጠፈችው።

«አሥር።»

ከዚያ ቁልፉን አዞረችው።